የታሸገ ርካሽ ዶሮ ከነሙሉ ሒሳቡ፦ የምርት ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በነጭ ሳህን ላይ ተቀምጦና በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ሙሉ ዶሮ ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የመለያው ቀለምና የተሳለበት የእርሻ ሥዕል ይለያይ እንጂ ዕቃው የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ዘሩ ከጥቂት ዓለም አቀፍ የማዳቀያ ድርጅቶች የሚመጣ፣ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ መሰሎቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሚያድግ፣ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ወይም ገና ሳይሞላው የሚታረድ የሥጋ ዶሮ ነው። ለግምገማው በተለያዩ ሳምንታት ሦስት እሽግ ገዝቻለሁ፤ ሁለቱ ሙሉ ዶሮ ሲሆኑ ሦስተኛው አስቀድሞ የተበለተ ነው። ሦስቱም በሥጋ መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ርካሾቹ ነበሩ።

እንደ ማንኛውም የዕቃ ገምጋሚ አስተሻሸጉን፣ ጣዕሙን፣ መለያውንና ዋጋውን በየተራ ለመመልከት ነበር ያሰብሁት። ነገር ግን ዋጋው ላይ ስደርስ ሥራው አላልቅ አለኝ፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ገዢው ያዋጣው ድርሻ እንጂ ዕቃው የፈጀው ገንዘብ ሁሉ አይደለምና። ቀሪውን የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው፤ እነማን እንደ ሆኑ ደግሞ በከፊል ከራሱ ከሥጋው ላይ ማንበብ ይቻላል።

ከአስተሻሸጉ ልጀምር። ንጽሕናው አያስወቅስም፤ ላባ የቀረበት ቦታ የለም፣ ቆዳውም አልተቀደደም። ሁለቱ ሙሉ ዶሮዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ይመስላሉ፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የቄራው መሣሪያ የተሠራው ለአንድ መጠን ስለ ሆነ መንጋው ሁሉ በአንድ ቀን ተቀራራቢ ክብደት ላይ እንዲደርስ ተደርጎ ተዳቅሏል። ከዶሮው ሥር ፈሳሽ የሚመጥ ወፍራም ንጣፍ አለ። ንጣፉን ጨምቄ፣ በሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም ጨምሬ ብለካው አንድ የሻይ ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ብዙ ሰው ይህን ደም ነው ይላል፤ ደሙ ግን በእርድ ጊዜ ስለሚፈስስ እዚህ ያለው በአብዛኛው ውሃ ነው። የታረደን ዶሮ ለማቀዝቀዝ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በረዷማ ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ መዝፈቅ፣ ሌላው ቀዝቃዛ አየር በሚነፍስበት ክፍል ውስጥ ሰቅሎ ማቆየት ነው። በመጀመሪያው መንገድ ሥጋው ጥቂት ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ገዢውም ያንን ውሃ በሥጋ ዋጋ ይገዛል። በአሜሪካ ሥጋው የያዘው የውሃ መጠን በመለያው ላይ እንዲገለጽ ደንቡ ያስገድዳል፤ ስለዚህ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መቶኛ መፈለግ አይከፋም። ከተሰወሩት ወጪዎች ሁሉ ትንሹ ይህ ነው፤ ቢያንስ ከፋዩ ራሱ በላተኛው ነው።

ጣዕሙን ለመመዘን አንዱን ዶሮ በጨውና በውሃ ብቻ ቀቀልሁት፤ ሌላውን ያለ ምንም ቅመም በምድጃ ጠበስሁት። ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ለደከመ ሰው እንኳ አያስቸግርም። ከልስላሴው ባለፈ ግን የሚወራለት ጣዕም የለውም። መረቁ ቀጭንና ፈዛዛ ነው፤ ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮም አልረጋም። የተጠበሰው ታፋ ሲከፈት ደግሞ በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ ወደ ጥቁረት የሚያደላ ቀይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ አልበሰለም ብሎ ወደ ምድጃው ይመልሰዋል፤ እውነቱ ግን አጥንቱ ገና ስላልጠነከረ የመቅኒው ቀለም ሾልኮ መውጣቱ ነው። የመላላጫውን ጫፍ በጥርሴ ስጫነው ያለ ችግር ተደፈጠጠ። በሳህኑ ላይ የቀረበልኝ የጎልማሳ ዶሮ ገላ የለበሰ ጫጩት ነበር።

እዚህ የተደረሰበት ታሪክ አጭር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በ1923 በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ሲሊያ ስቲል የተባለች ሴት ለእንቁላል የሚሆኑ 50 ጫጩቶች አዝዛ በስሕተት 500 ተላኩላት፤ ለሥጋ አሳድጋ ብትሸጣቸው አተረፈች፤ የሥጋ ዶሮ ኢንዱስትሪ መነሻ ተብሎ የሚነገረው ይህ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ እዚያው አሜሪካ «የነገው ዶሮ» በሚል ስያሜ የማዳቀል ውድድር ተካሄደ፤ የተፈለገው ፍርምባው ሰፊ፣ ዕድገቱ ፈጣን የሆነ ዶሮ ነበር። የተገኘውን ውጤት የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት ላይ ቁልጭ አድርገው አሳይተውታል። የ1957ን፣ የ1978ንና የ2005ን ዘር አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ ጎን ለጎን አሳድገው በ56ኛው ቀን ሲመዝኗቸው የመጀመሪያው በአማካይ 905 ግራም፣ ሁለተኛው 1,808 ግራም፣ ሦስተኛው 4,202 ግራም ሆነ። መኖው አንድ ከሆነ ልዩነቱ የመጣው ከዘሩ ነው ማለት ነው።

ሥጋው በዚህ ፍጥነት ሲሮጥ እግር፣ ልብና ሳንባ እኩል አይሮጡም። በብሪታንያ የተካሄደና በ2008 የታተመ ጥናት ወደ 51,000 የሚጠጉ ዶሮዎችን በመታረጃቸው ሰሞን አራመዳቸው፤ ከሩብ የሚበልጡት አረማመዳቸው በግልጽ የተጎዳ ሲሆን ከመቶ ሦስት ያህሉ ጭራሹን መራመድ የሚያቅታቸው ነበሩ። የወላጆቻቸው ዕጣ ደግሞ በተቃራኒው ረኃብ ነው። እንቁላል እየጣሉ ጫጩት የሚተኩት እናቶችና አባቶች ያንኑ ሆዳም ዘር ስለሚጋሩ እንደ ፍላጎታቸው ቢበሉ ብዙዎቹ በውፍረት ይታመማሉ ወይም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ፤ ስለዚህ በዕድገታቸው ወራት እየተሰፈረላቸው፣ ከሚፈልጉት እጅግ ያነሰ ይሰጣቸዋል። አንድን እንስሳ ጠግቦ መኖር እንዳይችል አድርጎ ማዳቀል ምን ዓይነት ጥበብ እንደ ሆነ ለመረዳት ተቸግሬአለሁ።

ወደ እሽጎቹ ልመለስ። የሁለተኛውን ዶሮ ፍርምባ ከቆዳው ስለየው ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ፣ በክር የተሰፉ የሚመስሉ ነጫጭ መስመሮች ነበሩበት። እነዚህ መስመሮች የጡንቻው ቃጫ ሞቶ በቦታው ስብና ጅማት ሲተካ የሚታዩ ናቸው፤ ለጤና አስጊ አይደሉም፤ ነገር ግን ፕሮቲን ፈልጎ ፍርምባ የሚገዛ ሰው በከፊል ስብ እየገዛ መሆኑን ይናገራሉ። ከዚህ የባሰው ዓይነት ፍርምባ ሲነካ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ በስሎም እንደ ጎማ ይለመጣል። ሁለቱም ችግሮች ከዕድገቱ ፍጥነትና ከፍርምባው መግዘፍ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የበለጠ የሚናገረው ግን እግሩ ነው። በሁለቱም ሙሉ ዶሮዎች መላላጫ ጫፍ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ቡናማ ጠባሳ አለች። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት የመሣሪያ ጭረት መስሎኝ ነበር። የአዳራሹ ወለል በእንጨት ፍቅፋቂ ወይም በገለባ ይጎዘጎዛል፤ ጉዝጓዙም መንጋው እስኪወጣ ድረስ ብዙውን ጊዜ አይቀየርም። ኩሱ ሲጠራቀምና ሲረጥብ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አሞኒያው ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል፤ ክብደቱ ከብዶበት አብዛኛውን ቀን ተኝቶ የሚውለውን ዶሮ ደግሞ ከጉዝጓዙ ጋር በተነካካበት ቦታ ቆዳውን ይልጠዋል። በአውሮፓ ኅብረት የ2007 መመሪያ መሠረት በአዳራሹ ለሚታጎሩት ዶሮዎች የተፈቀደው መነሻ ጣሪያ በአንድ ካሬ ሜትር 33 ኪሎ የቁም ክብደት ነው፤ ተጨማሪ መስፈርቶችን ላሟላ አርቢ ግን እስከ 42 ኪሎ ይፈቀዳል። ሁለት ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ ዶሮዎች ከሆኑ 21 ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ማለት ነው፤ ይህም ሕግ ባለበት አገር ነው። ስለዚህ ሙሉ ዶሮ የሚገዛ ሰው ፕላስቲኩን ሳይከፍት ያቺን ጠባሳ ይፈልግ፤ በእሽጉ ላይ ካለው ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ ስለ አዳራሹ እውነቱን የምትናገረው እርሷ ናት። በሦስተኛው እሽግ ውስጥ ጠባሳ አላገኘሁም። ቀረብ ብዬ ስመለከት መላላጫው ከተለመደው ቦታ ከፍ ብሎ፣ ከመገጣጠሚያው በላይ ተቆርጧል።

እስካሁን የቈጠርሁት ወጪ ዶሮው በገላው የከፈለውን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥጋው ላይ አይታይም።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ጁክስ የተባለ ተመራማሪ፣ አውሬኦማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) ከተመረተበት የተረፈውን ዝቃጭ ከመኖ ጋር የበሉ ጫጩቶች ካልበሉት ይልቅ በፍጥነት ማደጋቸውን አስተዋለ። ከዚያ ወዲህ አንቲባዮቲክ የታመመን ማከሚያ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በጤነኛ መንጋ መኖ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመር ማፋፊያ ሆነ፤ በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥም ያለ በሽታ ለመክረም እንደ ዋስትና ተወሰደ። ችግሩ መጠኑ ማነሱ ነው። ጀርሙን ጨርሶ የማይገድል መጠን ዕለት ዕለት ሲሰጥ ደካማው ጀርም ያልቅና መድኃኒቱን የለመደው ቀርቶ ይባዛል፤ የለመደበትን ዘረመል ደግሞ ለሌላ ዓይነት ጀርም ማስተላለፍ ይችላል። ስዊድን ይህን ልማድ በ1986 ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ተከተለ፤ አሜሪካ ለሰው ሕክምና አስፈላጊ የሆኑትን አንቲባዮቲኮች ለማፋፊያነት መጠቀምን ያስቆመችው በ2017 ነው። በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሰላው በዓለም ላይ ከሚሸጡት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች 73 በመቶ ያህሉ የሚውሉት ለምግብ ለሚረቡ እንስሳት ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ላስፋፋ፤ ምክንያቱም በቀጥታ የሚመለከተው ይህንኑ በእጃችን ያለውን ዕቃ ነው። ካምፒሎባክተር በዶሮ አንጀት ውስጥ ዶሮውን ሳያሳምም የሚኖር፣ ሰውን ግን ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሊያስይዝ የሚችል ባክቴሪያ ነው። በብሪታንያ ከየካቲት 2014 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ከሱቅ እየተገዛ በተመረመረ ትኩስ ሙሉ ዶሮ ከመቶው 73ቱ ላይ ተገኝቷል። በአሜሪካ ፍሎሮኪኖሎን ከተባለው የመድኃኒት ወገን የሆነው ኤንሮፍሎክሳሲን በ1990ዎቹ አጋማሽ ለዶሮ መንጋ በመጠጥ ውሃ እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ ጥቂት ዶሮዎች ሲታመሙ አንድ በአንድ ማከም ስለማይቻል መድኃኒቱን የሚጠጣው አዳራሹ በሙሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያ የመድኃኒት ወገን የማይበግረው ካምፒሎባክተር በሕሙማን ላይ እየበዛ መጣ፤ ከረጅም ክርክር በኋላም በ2005 ለዶሮ መስጠቱ ተከለከለ። ሲፈቀድ ያተረፈው አምራች ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒት እየተቀያየረለት የከረመው ግን ሌላ ሰው ነው፤ የአልጋው ክፍያ በዶሮ ዋጋ ላይ ተጨምሮ አያውቅም። በ2015 ደግሞ ቻይና ውስጥ ኮሊስቲን የተባለውን፣ ሐኪሞች ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚይዙትን መድኃኒት የሚያከሽፍና ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረመል በአሳማዎች፣ በሚሸጥ ጥሬ ሥጋና በሕሙማን ላይ ተገኘ፤ አገሪቱም በ2017 ኮሊስቲንን ለማፋፊያ መጠቀምን አገደች። መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በ2019 በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ይህ ሁሉ ሞት የመጣው ከእርሻ ነው ማለት አይደለም፤ ሰዎች ራሳቸው መድኃኒት ያለ አግባብ መውሰዳቸው ትልቅ ድርሻ አለው። እርሻው ግን ድርሻ የለውም ብሎ የሚከራከር ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። (ለወጥ ቤት የሚሆን ምክር ጣል ላድርግ፦ ጥሬ ዶሮን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ጀርሙን አያስወግድም፤ በዙሪያው ይረጨዋል እንጂ። የሚገድለው እሳት ነው።)

የወፍ ጉንፋንም የዚሁ ሒሳብ አካል ነው። ቫይረሱን ከአገር አገር የሚያዘዋውሩት የዱር ወፎች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን በዱር ወፎች ላይ ቀላል ሆኖ የሚኖረው ኤች 5 ወይም ኤች 7 የተባለው የቫይረሱ ዓይነት ወደ ዶሮ መንጋ ሲገባ ገዳይ ወደ መሆን ሊለወጥ ይችላል፤ ዘራቸው ተመሳሳይ የሆነ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ትከሻ ለትከሻ የቆሙበት አዳራሽ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ለውጥ የደረቀ ጭድ ነው። በ2003 ኔዘርላንድስ ውስጥ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30 ሚሊዮን ዶሮዎች ተወገዱ፤ 89 ሰዎች ተያዙ፤ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሞተ። በአሜሪካ ከ2022 ወዲህ በበሽታው የሞቱትና እንዲወገዱ የተደረጉት ዶሮዎችና ሌሎች የቤት ወፎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ መንግሥት ለአርቢዎች ካሣ የከፈለውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ካሣውን የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው፤ ዶሮ በልቶ የማያውቀውም ጭምር።

አሁን ወደ ኩሱ እንምጣ፤ ከፋዩ በጣም የተበተነበት ወጪ እርሱ ነው። የዶሮ ኩስ መልካም ማዳበሪያ ነው፤ የእርሻ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ጥፋቱ ኩሱ ላይ ሳይሆን ብዛቱና የተከማቸበት ቦታ ላይ ነው። መኖው ከሩቅ አገር በመርከብ ይመጣል፤ ኩሱ ግን ርጥብና ከባድ ስለ ሆነ ተመልሶ አይሄድም፤ ከአዳራሾቹ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ማሳዎች ይበተናል። በዚያ ላይ የዶሮ ኩስ ከናይትሮጅኑ አንጻር ፎስፎረስ ይበዛበታል፤ ገበሬው ሰብሉ በሚፈልገው ናይትሮጅን ልክ ሲበትን ፎስፎረሱ ሰብሉ ከሚወስደው አልፎ በአፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙ ውስጥ አልጌ ያፋፋል፤ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር የሚፈስሰው የዋይ ወንዝ ተፋሰስ በማንኛውም ጊዜ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎች የሚገኙበት ሲሆን፣ በጥራቱ ይታወቅ የነበረው ውሃ በበጋ እንደ አተር ሾርባ አረንጓዴ እየሆነ መጥቷል፤ በ2023 በእንግሊዝ በኩል ያለው ክፍል ይዞታው እያሽቆለቆለ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ሲሊያ ስቲል ጫጩቶቿን ያሳደገችበት የዴልማርቫ ልሳነ ምድር የሚዋሰነው የቼሳፒክ ሰርጥም ዛሬ ከሚያሠቃዩት የብክለት ምንጮች አንዱ ይኸው ፎስፎረስና ናይትሮጅን ነው። ዓሣ አጥማጁ፣ የመጠጥ ውሃ የሚያጣራው መሥሪያ ቤት፣ በወንዙ ዳር ያለው መንደር፣ ሁሉም በዶሮው ዋጋ ላይ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ።

ይህ የዶሮ ብቻ ችግር አይደለም። በ1995 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የአንድ የአሳማ እርባታ የፍግ ኩሬ ግድብ ተደርምሶ ወደ 95 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ፍግ ወደ ኒው ሪቨር ገባ። በኔዘርላንድስ በ2019 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አሞኒያን የመሰለ የናይትሮጅን ብክለት ለሚያስከትል ሥራ ፈቃድ የሚሰጥበትን አሠራር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲሽር የተቋረጡት የእርባታ ማስፋፊያዎች ብቻ አልነበሩም፤ የመንገድና የቤት ግንባታዎችም ቆሙ። ቤት ለመሥራት ተራ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በእርባታ አሞኒያ ምክንያት ተራው ሲገፋበት፣ ይህም የሥጋ ወጪ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

አርቢው ራሱስ ያተርፋል ወይ? በተለይ በአሜሪካ የሠፈነው የውል አሠራር መልሱን ያሳያል። ጫጩቱን፣ መኖውንና መድኃኒቱን የሚያቀርበው ኩባንያው ነው፤ መንጋውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የኩባንያው ንብረት ነው። አርቢው የሚያዋጣው አዳራሹን፣ ጉልበቱንና የባንክ ዕዳውን ነው። ክፍያው የሚወሰነው ከጎረቤቶቹ ጋር እየተወዳደረ ነው፤ በአነስተኛ መኖ ብዙ ሥጋ ያስረከበው ከፍ ያለ ሲከፈለው ወደ ኋላ የቀረው ይቀነስበታል፤ ደካማ ጫጩት ወይም የተበላሸ መኖ ከደረሰውም ዕጣው ያው ነው። ዶሮዎቹ ተጭነው ሲሄዱ አዳራሹ ውስጥ የሚቀረው ኩሱ ነው፤ እርሱ የአርቢው ንብረት ነው። ዶሮው የኩባንያው፣ ኩሱ የገበሬው። በቄራው ያለው ሠራተኛም ቢሆን የተሻለ አልደረሰውም፤ በአሜሪካ የእርድ ሰንሰለት በደቂቃ እስከ 140 ዶሮ እንዲያልፍ ይፈቀዳል፤ ልዩ ፈቃድ ያላቸው እስከ 175 ይደርሳሉ፤ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቆረጣ የሚቆርጥ እጅ ጅማቱ ይታመማል።

ለዕቃው የሚገባውን መልካም ቃልም ልስጥ። የሥጋ ዶሮ አንድ ኪሎ የቁም ክብደት ለመጨመር የሚበላው መኖ 1.6 ኪሎ ገደማ ነው፤ በዚህ የሚወዳደረው የየብስ እንስሳ የለም ማለት ይቻላል፤ የአየር ንብረት ጫናውም ከበሬ ሥጋ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። የበሬ ሥጋን ትቶ ዶሮ የሚገዛ ሰው ከባቢ አየሩን አልበደለም። ሆኖም መኖው ከሰማይ አልወረደም። በዓለም ላይ ከሚመረተው አኩሪ አተር ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚውለው ለእንስሳት መኖ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ዶሮ ነው፤ በብራዚል ሴራዶ የተባለው ጫካና ሣር የተቀላቀለበት ምድር ግማሽ ያህሉ የታረሰውና የተመነጠረውም በአብዛኛው ለከብት ግጦሽና ለአኩሪ አተር ሲባል ነው።

ስለ መለያው ጽሑፍ አጭር ማስጠንቀቂያ ይበቃል። አንደኛው እሽግ «ሆርሞን ያልተሰጠው» ይላል። በአሜሪካ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረትም አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ሕግ አልጣስሁም ከማለት የተለየ ትርጉም የለውም። ዶሮው የገዘፈው በሆርሞን ሳይሆን በዘሩ መሆኑን ከላይ አይተናል። ሌላው «በቆጥ ያልታሰረ» ይላል፤ የሽቦ ቆጥ በዋናነት የእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ችግር ነው፤ የሥጋ ዶሮ በአብዛኛው የሚያድገው ወለል ላይ ነው። ዋጋ ያለው መረጃ የዘሩ ዓይነት፣ በካሬ ሜትር ያለው ክብደትና የታረደበት ዕድሜ ነው፤ ሦስቱም በአንዱም እሽግ ላይ አልተጻፉም።

ለማነጻጸር ቀስ ብሎ ከሚያድግ ዘር የሆነ አንድ ዶሮ ገዝቼ በዚያው አኳኋን ቀቀልሁት። ፍርምባው ጠበብ፣ ታፋው ጠቆር ያለ ነበር፤ አጥንቱ ለጥርስ አልበገር አለ፤ መረቁም በማግስቱ ረግቶ ተገኘ። በኔዘርላንድስ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ለትኩስ ሥጋ ወደ እንዲህ ዓይነቱ ዘር ዞረዋል፤ በዚያች አገር አርቢዎች የሚጠቀሙት አንቲባዮቲክም ከ2009 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ ስለዚህ ነገሩ የማይቻል አይደለም። ነገር ግን ይህኛውም ከዕዳ ነጻ አይደለም፤ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚኖር ብዙ መኖና ብዙ መሬት ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚጥለው ኩስም ይበዛል። የዶሮውን ሥቃይና የመድኃኒቱን ወጪ ይቀንሳል፤ የወንዙን ግን አይቀንስም። የወንዙን የሚቀንሰው በአንድ ተፋሰስ ውስጥ የሚረቡትን ዶሮዎች ቁጥር ማሳነስ ነው፤ ያም ማለት በጥቅሉ ጥቂት ሥጋ መብላት ነው፤ ይህን በመለያው ላይ የሚጽፍ ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ ለአስተሻሸጉ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ለጣዕሙ ሁለት፤ ለመለያው አንድ። ለዋጋው ነጥብ ሳልሰጥ ቀርቻለሁ፤ ያየሁት የሒሳቡን ቁራጭ ብቻ ነውና።

ሦስተኛውን እሽግ የገዛሁ ዕለት ማቀዝቀዣውን ይሞላ የነበረውን ወጣት ሠራተኛ፣ «ይቅርታ፣ ይህ ዶሮ ዕድሜው ስንት ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት። እሽጉን ከእጄ ተቀብሎ ገለበጠውና የመጠቀሚያ ጊዜውን አነበበ። «ገና አራት ቀን አለው፤ አይሥጉ» ብሎ መለሰልኝ።